ከደወሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለትምህርት ዘመኑ የቤት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

አምና መስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ አልጋ ስር ተንበርክከን አንድ እግር ካልሲ እንፈልጋለን። አባትየው "የት ነው ያወለቅከው?" ይላል፣ ልጁ ያለቅሳል። ካልሲው የተገኘው ረከቦቱ ስር ነው። ያኔ ነው የነቃሁት። ካልሲው የጠፋው እኮ ማታ ቡና ስንጠጣ ነው፤ ጠዋት ላይ ብንጮህ ምን ዋጋ አለው?

እና ዘንድሮ ከማታው ጀመርን። እንዲህ ነው የምናደርገው።

1. ከደወሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ወረቀት ያዙ። ደወሉ 2፡00 ሰዓት ላይ ነው እንበል። በጭቃ መንገድ 20 ደቂቃ፣ ባጃጅ መጠበቂያ 10 ደቂቃ ጨምሩ። ስለዚህ 1፡30 ከቤት መውጣት አለ። ለመታጠብ፣ ለመልበስና ለቁርስ አንድ ሰዓት ከአስር ብትሰጡ መነሻው 12፡20 ይሆናል። አሁን ከመነሻው ላይ የእንቅልፉን ሰዓት ቀንሱ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል፣ ከ13 እስከ 18 ለሆነው ከ8 እስከ 10። የስምንት ዓመቱ ልጅ እንግዲህ ማታ 2፡30 ላይ እንቅልፍ ወስዶት መገኘት አለበት። አልጋ ላይ ወጥቶ መሳቅ አይቆጠርም፣ ስለዚህ 2፡00 ላይ ወደ አልጋ።

2. እንቅልፉን ቀስ በቀስ መልሱ

ክረምቱን እስከ 4፡30 ሲያመሽ የከረመ ልጅ በአንድ ሌሊት አይመለስም። ከነሐሴ 25 አካባቢ ጀምራችሁ በየሁለት ቀኑ 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አስተኙት። መስከረም ሲጠባ ወደ 2፡30 ይደርሳል። ጠዋት መቀስቀሱንም አብራችሁ አስቀድሙ፣ አለበለዚያ ማታ ዓይኑ አይከደንም። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይበላሻል፤ ይበላሽ፣ በዓል ነው።

3. የቤት ስራውን ከጀበናው ጋር እሰሩት

ጅማ ላይ ተቀምጦ "ማታ ቡና አይፈላ" የሚል ምክር የሚሰማ የለም፣ እኔም አልልም። ግን እውነቱን እናውራ፤ የልጆቹን እራትና መኝታ የሚያስመሸው የእኛው ቡና ነው። ጎረቤት ይመጣል፣ ወሬው ይደራል፣ በረካ ሳይደርስ 3 ሰዓት ይሆናል። እኛ ቡናውን ወደ 11፡30 አመጣነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው መክሰስ በልተው ትንሽ ተጫውተዋል። ቡናው መቆላት ሲጀምር ደብተር ይከፈታል። ትንሹ እስከ ቶና፣ ትልቋ እስከ በረካ ይጨርሳሉ። ሰዓት ማየት የማይችል ልጅ እንኳን አቦል ወርዶ ቶና መጣዱን ያውቃል። በርጩማቸው ላይ ጀርባቸውን ለእንግዳ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፣ አለበለዚያ ጆሯቸው ወሬው ላይ ይቀራል። አሁን ጎረቤቶቻችንም ለምደውት ሲኒ ከመቀበላቸው በፊት "ተማሪዎቹ ጨረሱ?" ይላሉ።

አንድ ነገር ግን፣ በረካ ቀጭን ነው ተብሎ ለልጅ አይቀመስም። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፣ የሚከፈለው ደግሞ ከእንቅልፉ ላይ ነው።

መብራት በሄደ ቁጥር የቤት ስራ የሚዘለልበት ቤት ካለ ይሄ ሰዓት ለእሱም ይረዳል፤ ገና የቀን ብርሃን አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ ካላችሁ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ እሱን ጻፉ፣ ሌላው በዙሪያው ይደርደር።

4. ዩኒፎርም ዓርብ ይታጠባል

የኛ ሰማይ አደይ አበባ ወጣ ብሎ ዝናቡን አያቆምም፣ ጥቅምትም ይዘንባል። እሁድ ማታ የታጠበ ሹራብ ሰኞ ጠዋት እርጥብ ነው፤ ብዙ ሰው በካውያ ሊያደርቀው ሲታገል መብራት ይሄድበታል። ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደመጡ አውልቀው ይዘፍዝፉት፣ ቅዳሜና እሁድ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ይሰጣል። የረጠበ ጫማ ውስጥ የአምና ደብተር ወረቀት ጨምድዳችሁ ጠቅጥቁ፣ ውሃውን ይመጠዋል። ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ሶሉ ይለቃል።

ማታ እራት ከመቅረቡ በፊት ቦርሳ ተሞልቶ፣ ጫማና ካልሲ አንድ ላይ ሆነው በር ስር ይቀመጣሉ። ይሄን የሚያደርገው ልጁ ራሱ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅም ይችላል፣ ትንሽ መታገስ ብቻ ነው።

5. ማን ምን ይሠራል?

ሁሉም እናት ላይ ከወደቀ እስከ ሁለተኛው ሳምንት አይቆይም። እኛ ቤት ቁርስና ምሳ ዕቃ የኔ ነው፣ መቀስቀስና ማልበስ የአባታቸው። ስልክ ማታ 1፡30 ላይ ቻርጅ ይሰካል፣ ሳሎን ውስጥ ያድራል። የአባቱም ጭምር። (ይሄ አንቀጽ ብዙ አከራክሮናል።)

6. የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ልጁ ከሰዓት ስለሚገባ እስከ 3 ሰዓት ይተኛል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ምሳ እንኳን ሳይበላ ሩጫ። ፈረቃው የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ጠዋት የመግባት ተራው ሲደርስ ጭንቅ ነው። መነሻውን ከሌሎቹ ጋር አንድ አድርጉት፣ የቤት ስራውን ከቁርስ በኋላ ይጨርስ፣ ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ።

የመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። የኛ ማክሰኞ ላይ ፈርሷል። ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ፤ መኝታውን ብቻ ያዙና ሁለት ሳምንት ቆዩበት፣ ቀጥሎ ቡናውን፣ ከዚያ ዩኒፎርሙን። ካልሲውን ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ግዙ። ስድስት ጥንድ፣ ሁሉም ጥቁር። አንዱ ቢጠፋም ከሌላው ጋር ይገጥማል፣ ባጃጁም አይጠብቅም።