ኡሜሹ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ
ጃፓን ያላችሁ፣ ሰኔ ገደማ አረንጓዴው ኡሜ (ፕለም የሚመስል ኮምጣጣ ፍሬ) ገበያ ሲወጣ እንዳያመልጣችሁ። ኡሜሹ ይህ ፍሬ በአልኮልና በስኳር ተዘፍዝፎ የሚሠራ የጃፓን መጠጥ ነው። ለ1 ኪሎ ኡሜ 1.8 ሊትር ባለ 35 በመቶ ነጭ አልኮልና ከ500 ግራም እስከ 1 ኪሎ ስኳር ይበቃል። ዋናው ማድረቁ ላይ ነው! ፍሬውን አጥባችሁ አንድ በአንድ በጨርቅ አድርቁት፣ እምብርቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ቁራጭ ደግሞ በስቴኪኒ ንቀሏት፣ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ ሻጋታ ልታመጣ ትችላለችና። ስኳሩ ጠጠር የሚመስለው ይሁን፤ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ የፍሬውን ጭማቂ እየሳበ ያወጣዋል። በ3 ወሩ ይጠጣል፣ እኔ ግን ዓመት ይቆይ ባይ ነኝ። አልኮሉ ከ20 በመቶ እንዳያንስ፣ በወይን ፍሬም እንዳትሞክሩት፤ የጃፓን ሕግ ሁለቱንም ይከለክላል። መሸጥም ያው ክልክል ነው፣ ለቤታችሁ ብቻ።