ከአሮጌ ሚያታ የተማርኳቸው የቀለምና የፍሪሲዮን ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቀዩዋን ሚያታዬን የግራ ፓራፋንጎ ቀለም ስነካካ አረፈድኩ። ጠጠር የላጣቸው አምስት ነጥቦች ነበሩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ግን አማረልኝ። ከዚያ እግረ መንገዴን ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩና የፍሪሲዮኑን ፈሳሽ ሞላሁ። ከጠርሙሱ ሁለት ጠብታ ፓራፋንጎው ላይ አረፈ። በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ቀይ ሆነ።

መኪናዋ የ1999 ማዝዳ ናት፣ ሁለተኛው ትውልድ። ከአሜሪካ ውጭ በብዙ አገር ኤምኤክስ-5 በሚለው ስሟ ነው የምትታወቀው። 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሠራባት በራሱ ደጃፍ ነው። የሚያበላሻትም እዚያው ነው። እኔን ጨምሮ።

የፍሬን ዘይትን ዘይት ነው ብሎ ማሰብ

ያሳሳተን ስሙ ነው። የሚያታ ፍሪሲዮን በገመድ ሳይሆን በፈሳሽ ግፊት ነው የሚሠራው። የሚሞላውም ያው የፍሬን ዘይት የምንለው፣ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ነው። ይህ ነገር ከግላይኮል የሚሠራ ፈሳሽ እንጂ ዘይት አይደለም። ቀለም ያሟሟል። ያልጠነከረ አዲስ ቀለም ከሆነማ በደቂቃ ውስጥ ያነሣዋል።

ከፈሰሰባችሁ እንደ እኔ አትጥረጉት። ማሸት ነው ጉዳቱን የሚያሰፋው። ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ወዲያው ብዙ ውሃ ልቀቁበት፣ ታጥቦ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ ነው። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን ካሰባችሁም ፈሳሹን አስቀድሙ፣ ቀለሙን አስከትሉ።

ስሙ በሌላ በኩልም ያሳስታል። «የፍሪሲዮን ዘይት ጎድሏል» ሲባል የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው አውቃለሁ። ግፊቱን የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮኑ ፓምፖች ጎሚኒዎች በሙሉ አብጠው ተበላሹ። ደግሞ ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል። ተከፍቶ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ጣሉት። መኪናው ውስጥ ያለውንም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

«ቀይ ነው» ብሎ ቀይ መግዛት

ማዝዳ ብቻውን ስንትና ስንት ዓይነት ቀይ አለው። የእኔዋ ክላሲክ ሬድ ስትሆን ኮዷ ኤስዩ ነው። የእናንተን ኮድ በሾፌሩ በር ክፈፍ ወይም ኮፈኑ ስር ካለው ምልክት ላይ ታገኙታላችሁ። ኮዱ ትክክል ሆኖም ላይመሳሰል ይችላል፤ ሃያ አምስት ዓመት ፀሐይ የመታው ቀይ ፋብሪካ የወጣው ቀይ አይደለም። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ከመኪናው ጎን ያዙት።

ዝገትን መሸፈን

ይህ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰው ስህተት ነው። ክረምቱን በረዶ ለማሟሟት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጠጠር ቀለሙን ቀዳዳ ያደርገዋል፣ ጨው በቀዳዳው ይገባል፣ በፀደይ ቡናማ ነጥብ ይታያል። ሰው ታዲያ ነጥቡ ላይ ቀለም ጠብ ያደርግና ይገላገላል። ዝገቱ ግን ከስር ሥራውን አላቆመም። በዓመቱ ቀለሙን እንደ ብጉር ከፍ አድርጎት ታገኙታላችሁ።

ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በሹል ነገር ቀስ ብላችሁ ፋቁት። በሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። የቆየ ሰም ካለ ቀለሙ አይዝም። ከዚያ አንትረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ ዋናው ቀለም። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ እሱ ላይ አንትረስት አያስፈልጋችሁም።

በጠርሙሱ ብሩሽ መቀባት

ከቀለሙ ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለጥፍር ቀለም ይሆናል እንጂ ለጠጠር ነጥብ ወፍራም ነው። አንድ ጊዜ ስትነኩበት ምስር የሚያህል ጉብታ ይተዋል። እኔ የጥርስ መጎርጎሪያ ነው የምጠቀመው። ጫፉን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ጉድጓዱ መሃል ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፣ ቀለሙ ራሱ ይሰራጫል። ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ይፈልጋል፣ በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት እየጠበቁ። ፀሐይ ላይ አይሆንም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀራል። ጥላ ቦታ፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ጥሩ ነው።

ጉብታውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ የሚል ደግሞ ይጠንቀቅ። የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከፀጉር ዘለላ የሚቀጥን። ባለ 2000 ቁጥር ወረቀት ከውሃ ጋር ይዛችሁም እጃችሁ ትንሽ ከከበደ ዙሪያውን ትገሸልጡታላችሁ። እንደ እኔ እምነት በየቀኑ የሚነዳ መኪና ከሆነ ተዉት። ሁለት እርምጃ ራቅ ሲሉ አይታይም።

ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መቆም

አዲስ አበባ መንዳት የተማርን ሰዎች ሁሉ ይህ አመል አለብን። ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ መንገዱ ተዘግቶ ሲቆም፣ ሚኒባሱ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ ተንሳፍፎ ይጠብቃል። ሲያዩት ጥበብ ይመስላል። እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ግን በዚያች ደቂቃ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ከቮላኖው ጋር እየተፋተገ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ከሸራው ላይ የሆነ ነገር ሄዷል፣ አይመለስም። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ለመነሣት ስትሉ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር ልቀቁት። ስፖርት መኪና ነው ብሎ ሞተሩን አስጩኾ በአንዴ መልቀቅም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው።

እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳትስ? ያው ነው። «አልረገጥኩትም» ይላሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ግን የእግራችሁን ክብደት ያውቀዋል። በግራ በኩል እግር ማሳረፊያ የተሠራው በምክንያት ነው። መብራት ላይም ማርሽ አስገብቶ ረግጦ መጠበቅ ያንኑ ኩሽኔታ ይበላል። አንዳንዶች ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይገጨን ማርሽ ላይ እንሁን ይላሉ፣ ነገሩ እውነት አለው። እኔ ከኋላዬ ያለው እስኪቆም ማርሽ ላይ እሆናለሁ፣ ከዚያ ዜሮ አድርጌ እግሬን አነሣለሁ።

ማርሽ አልገባም ሲል «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ማለት

ይህኛው ነው ብር የሚያስወጣው። ከሦስት ዓመት በፊት ማርሽ አልገባ አለኝና አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ፣ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ይቀየር አሉኝ። እሺ ልል ነበር። የሚያታ ነገር የሚያውቅ ጓደኛዬ ግን መኪናዋ ስር ገባና የታችኛውን ፓምፕ የጎማ ሽፋን ገልጦ አየ። ውስጡ ርጥብ ነው። ፈሳሽ እያፈሰሰ ኖሯል። ፓምፑ በሁለት ብሎን ካምቢዮው ላይ ከውጭ የታሰረ ነው። ቅያሬው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ይህ ፓምፕ ማፍሰሱ በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው።

ልዩነቱን እንዲህ ለዩት። ማርሽ እየተንገጫገጨ የሚገባ ወይም ጨርሶ የማይገባ ከሆነ፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ የሚሰምጥ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ፈሳሹንና ፓምፖቹን እዩ። ሸራው ያለቀ እንደሆነ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ማርሹ ይገባል፣ ኃይሉ ግን አይደርስም። ባዶ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡ። የሞተሩ ዙር ብድግ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ሸራው ተንሸራቷል።

ሸራውን ብቻ መቀየር

የእኔም ሸራ በመጨረሻ ባለፈው ክረምት አለቀ። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ በኋላ ከባዱ ወጪ ጉልበቱ ነው። ስለዚህ ሸራውን፣ ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ማቀፊያና ኩሽኔታውን አብራችሁ ቀይሩ፣ የቮላኖውንም ፊት አስለስልሱት። ኩሽኔታውን «ገና ደህና ነው» ብሎ የመለሰ ሰው በስድስት ወሩ ሲጮኽበት ያንኑ የጉልበት ዋጋ ሁለቴ ይከፍላል።

አዲስ ሸራ ደግሞ መለማመጃ ይፈልጋል። ለመጀመሪያው 500 ማይል፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከተማ ውስጥ ረጋ ብሎ እየተነሡ እየቆሙ መንዳት ነው። አስጩኾ መነሣት የለም። የእኔዋ አሁን 310 ላይ ናት። የወንድሜ ልጅ «አንዴ ብቻ ላስፈንጥራት» እያለ ይለማመጠኛል። 190 ማይል ይቀረዋል።