የአሜሪካን የከብት ቁጥር ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

«አሜሪካ ውስጥ የቀረው ከብት 11 ሚሊዮን ብቻ ነው አሉ። ሥጋው እሳት የሆነው ለካ ለዚህ ነው!»

ይህን ያለኝ በትራክ ከብት የሚያመላልስ ወንድማችን ነው። ቴክሳስ፣ አማሪሎ አጠገብ፣ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ቡና ይዘን ቆመን ነበር። ከአንድ የአማርኛ ቪዲዮ ነው የሰማው። እሱ ከብት የማያውቅ ሰው አይደለም። በሳምንት ስንት ማድለቢያ ገብቶ ይወጣል። ቁጥሩን ያነበበለት ሰው ግን የምን ቁጥር እንደሆነ አልነገረውም።

ከ2014 ጀምሮ ሥራዬ የከብት ሪፖርቶችን አንብቤ ለማድለቢያ ባለቤቶች የገበያ ማጠቃለያ መጻፍ ነው። ስለ ሥጋ ዋጋ የሚያወሩ፣ የፊውቸርስ ንግድ (ወደፊት ለሚረከቡት ከብት ዛሬ ዋጋ መቁረጥ) የጀመሩ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ የሚማሩ የኛ ልጆች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ሲደውሉ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ ስህተት ደጋግሜ ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

ሁለቱን ሪፖርት ማምታታት

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አለው፤ እኛ በአጭሩ ናስ እንለዋለን። ናስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያወጣል። አንዱ የመላ አገሩ የዳልጋ ከብት ብዛት ነው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ይወጣል፤ የሚናገረው ጃንዋሪ 1 ቀን ስለነበረው ነው። ላሙ፣ ጥጃው፣ ጊደሩ፣ ኮርማው፣ ማድለቢያ ያለውም ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ሌላው በየወሩ የሚወጣው የማድለቢያዎች ሪፖርት ነው።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 የአገሩ ከብት በጠቅላላው 86.7 ሚሊዮን ነበር። በዚያው ቀን በወርሃዊው ሪፖርት የተቆጠረው 11.8 ሚሊዮን ነው። ወንድማችን የሰማው «11 ሚሊዮን» ይሄ ነው። ሁለቱን የሚደምሩም አጋጥመውኛል። አይደመሩም። ማድለቢያ ያለው ከብት አጠቃላዩ ውስጥ ገብቶ ተቆጥሯል።

ሌላም ነገር አለ። ወርሃዊው ሪፖርት 1,000 ከብትና ከዚያ በላይ መያዝ የሚችሉ ማድለቢያዎችን ብቻ ነው የሚያየው። ትንንሾቹ ሲጨመሩ የዚያን ቀን ቁጥር 14.3 ሚሊዮን ይሆናል። በአገር ደረጃ ልዩነቱ ብዙ ላይመስል ይችላል። አይዋ ስቴት ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ በቆሎውን ዘርቶ ጓሮው ሁለት ሦስት መቶ ከብት የሚያደልብ ገበሬ ሞልቷል። አይዋን በወርሃዊው ሪፖርት ብቻ የመዘነ ሰው ግማሽ ያህሉን ከብት ሳያይ ነው የሚያልፈው።

ማድለቢያው ሲሞላ ከብቱ በዛ ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ገንዘቡን ሲያጣበት ያየሁት ስህተት ይሄ ነው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ትልልቆቹ ማድለቢያዎች ውስጥ 12.2 ሚሊዮን ከብት ነበር። ይህ የቁጥር ተከታታይ ከጀመረበት ከ1996 ወዲህ ለዚያ ቀን ከፍተኛው ነው። አንድ ወጣት ሪፖርቱ የወጣ ቀን ደውሎ «ከብቱ ጎርፏል፣ ዋጋ ሊወድቅ ነው» አለኝ። እንዳይቸኩል ለመንኩት። የመላ አገሩን ቁጥር እንመልከት። ጃንዋሪ 2022 ላይ 92.1 ሚሊዮን ነበር። ጃንዋሪ 2023 ላይ 89.3 ሚሊዮን ሆነ። ማድለቢያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የአገሩ ከብት በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ቀነሰ።

እንዴት? ድርቅ ነበራ። ሣር ሲጠፋ አርቢው ጊደሮቹን ማቆየት አይችልም። ይሸጣል። የተሸጠችው ጊደር ወደ ማድለቢያ ትገባለች። እዚያ ስትገባ የማድለቢያው ቁጥር ከፍ ይላል። ነገር ግን እናት መሆን የነበረባት እንስሳ ናት። እሷ ቄራ ስትሄድ የምትወልደው ጥጃ ሁሉ አብሮ ቀረ። ማድለቢያው የሞላው የነገውን ከብት ዛሬ በልቶ ነው።

በዚያን ጊዜ ምዕራብ ካንሳስ አንድ ማድለቢያ ሄጄ ነበር። ጠዋት ነው። በእንፋሎት የተዳመጠ በቆሎ ከመኪናው ላይ እየተንጠባጠበ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል፤ ጭሱ ይታያል። አንዱ በረት ሙሉ ጊደር ነው። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ሰፊ ዳሌ። በፈረስ በረቱን የሚዞረው ሰው ቆም አለና በጣቱ አሳየኝ። «እነዚህን እዩአቸው» አለኝ። «በደህናው ዓመት ቢሆን አንዷም እዚህ አትመጣም ነበር።» አንገታቸውን በብረቱ መሃል አሾልከው ይበላሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን ያው እንደማንኛውም ከብት አንድ አንድ ተብለው የተቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይና ኦክቶበር ላይ ናስ ማድለቢያ ያለውን ከብት በጾታ ለይቶ ሲያወጣ ያንን ሠንጠረዥ ሳታዩ አትለፉ። የጊደሮቹ ድርሻ 40 ከመቶ አካባቢ ከሆነ አርቢው ገና እየሸጠ ነው። ወደ ሲሶ ከወረደ ጊደር እያስቀረ ነው ማለት ነው። ማስቀረት ሲጀምር ደግሞ ሥጋው ወዲያው አይረክስም። እንዲያውም ለጊዜው ይብስበታል፤ ለእርባታ የቀረችው ጊደር ከዕርድ ገበያው ወጥታለችና። ጊደሯ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው የምትወልደው። ጥጃው ጡት ይጥላል፣ ሣር ይበላል፣ ከዚያ ማድለቢያ ይገባል። ዛሬ ለእርባታ የቀረች ጥጃ ልጇ ሳህን ላይ እስኪቀርብ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የክትፎ ዋጋ መቼ ይወርዳል ስትሉኝ ይሄንን ሂሳብ ነው የምነግራችሁ።

የጃንዋሪን ቁጥር ከጁላይ ጋር ማወዳደር

የመላ አገሩ ቁጥር በዓመቱ አጋማሽም ይወጣል። ጁላይ 1 ቀን 2025 የነበረው የአገሩ ከብት 94.2 ሚሊዮን ተብሎ ወጣ። «በስድስት ወር ውስጥ 7.5 ሚሊዮን ጨመረ!» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ልቤ አዘነ። ላሞቹ አብዛኞቹ የሚወልዱት በፈረንጆቹ ክረምት መጨረሻና በጸደያቸው፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ገደማ ነው። ጁላይ ላይ መስኩ በጥጃ የተሞላ ነው። ጃንዋሪን ከጃንዋሪ፣ ጁላይን ከጁላይ። በ2024 የጁላዩ ሪፖርት ስላልወጣ የ2025ቱ የሚወዳደረው ከ2023ቱ 95.4 ሚሊዮን ጋር ነው። እንግዲህ ቀንሷል።

ወርሃዊውም እንዲሁ ነው። በመጸው ጡት የጣለ ጥጃ በብዛት ወደ ማድለቢያ ስለሚገባ ኦክቶበርን ከጁላይ ጋር አታወዳድሩ። ለቄራ የወጣውን ስታዩ ደግሞ ወሩ ስንት የሥራ ቀን እንደነበረው ቁጠሩ።

የተከለሰውን ቁጥር መርሳት

ይህንን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ወር የ2014 ቁጥር 87.7 ሚሊዮን ተብሎ ወጣ። ሠንጠረዤ ላይ ጻፍኩት። በዓመቱ አዲሱ 89.8 ሚሊዮን ሲሆን ቀንሼ «2.1 ሚሊዮን ጨምሯል» ብዬ ለደንበኛ ላክሁ። አዲሱ ሪፖርት ግን የ2014ቱን ራሱን ወደ 88.5 ሚሊዮን ከልሶት ነበር። እውነተኛው ጭማሪ 1.3 ሚሊዮን ነው። ደንበኛዬ ስልክ ደውሎ በትሕትና «የትናንቱን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» አለኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ሪፖርት ሲወጣ ያለፈውን ዓመት ቁጥርም ከአዲሱ ሪፖርት ላይ ነው የምወስደው። የድሮውን ሠንጠረዥ አላምነውም።

«ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው» የሚለውን አለመረዳት

የ2025ቱ ቁጥር ሲወጣ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ትክክል ነው። ግን በ1951 ከብቱ 82.1 ሚሊዮን ነበር፤ ያኔ ቁጥሩ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። በ1975 ወደ 132 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከፍ ዝቅ እያለ ወረደ። ታዲያ ሥጋውስ አብሮ ወረደ? አልወረደም። በ1975 የተመረተው የበሬ ሥጋ 24 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። በ2024 ከ87 ሚሊዮን ከብት 27 ቢሊዮን ገደማ ተገኘ። ዛሬ አንድ የደለበ ወይፈን ታርዶ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሥጋው ከነአጥንቱ በአማካይ ከ900 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። የከብቱን ብዛት ብቻ ይዞ ስለ ሥጋ የሚያወራ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያነጻጽሩትም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የናሙና ጥናት 70 ሚሊዮን ገደማ ዳልጋ ከብት እንዳለን ያሳያል። «አሜሪካን ልንደርስባት ነው» ይላሉ። የኛ በሬ አራሽ ነው። ላሟ ለወተትም፣ ለክፉ ቀንም፣ ለጥሎሽም ናት። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ዓይነት ኑሮ አይደለም። በዚያ ላይ ስንተረጉም «ከብት» ብለን እንለቀዋለን፤ በኛ አነጋገር በግና ፍየሉም እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። «ዳልጋ ከብት» በሉ። አንድ ቃል ብትጨምሩ ብዙ ክርክር ይቀራል።

«ትልቁ ስቴት» ማለት

በምን ትልቁ? በጠቅላላ ከብትና ለሥጋ በሚረቡ ላሞች ቴክሳስ ነው። በወተት ላሞች ካሊፎርኒያ። በማድለቢያ ደግሞ ቴክሳስ፣ ነብራስካና ካንሳስ ይቀራረባሉ፤ ሦስቱ አብረው ከትልልቆቹ ማድለቢያዎች ከብት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይይዛሉ። ነብራስካ ላይ ያለ ወይፈን ግን የግድ ነብራስካ አልተወለደም። ሚዙሪ ተወልዶ፣ ኦክላሆማ የስንዴ ቡቃያ ግጦ፣ ነብራስካ ሊደልብ ይችላል።

ሠንጠረዡን በጥድፊያ ማንበብ

ከላይ «በሺህ» ተብሎ ተጽፏል። 86,662 ማለት 86 ሺህ አይደለም።

በቅንፍ ውስጥ የእንግሊዝኛዋ ዲ ፊደል ካለች ደግሞ ዜሮ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የአንድን ባለቤት ምስጢር እንዳያወጣ ተሸፍኗል ማለት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል። አባቶቻችን ከብታቸው ሲቆጠር አይወዱም ነበር። እዚህም አርቢን «ስንት ከብት አለህ?» ማለት «ባንክ ስንት ብር አለህ?» እንደማለት ነው። አርቢው ለናስ መጠይቅ የሚመልሰው መልሱ በሕግ ስለሚጠበቅለት ነው። ያ መተማመን ባይኖር ይሄ ሁሉ ቁጥር የለም።

ሂሳቡንም ራሳችሁ ሞክሩት። ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ትልልቆቹ ማድለቢያዎች ውስጥ 11.98 ሚሊዮን ነበር። በወሩ 1.64 ሚሊዮን ገባ፣ 1.74 ሚሊዮን ለቄራ ወጣ። 11.88 ይመጣል። ሪፖርቱ ግን 11.82 ይላል። ስህተት አይደለም። የሞተው፣ ወደ ግጦሽ የተመለሰው፣ ወደ ሌላ ማድለቢያ የተዛወረው ለብቻው መስመር አለው። አንድ ተማሪ ይሄን ልዩነት አይቶ «መንግሥት ቁጥር ይደብቃል» ብሎ ጽፎ ነበር። ያቺን መስመር አሳየሁት፤ ወዲያው አረመው። ጎበዝ ልጅ ነው።

ምክንያቱን ከቁጥሩ ላይ መገመት

በ2025 ቴክሳስ ማድለቢያዎች የሚገባው ከብት ሲቀንስ ብዙ ሰው «ድርቅ ነው» አለ። ቁጥሩ ለምን እንደቀነሰ አይናገርም። ሜክሲኮ ሥጋ በል ትል፣ ማለትም ቁስል ውስጥ ገብቶ ሕያው ሥጋ የሚበላው የዝንብ እጭ፣ ስለተገኘ አሜሪካ ከሜይ ጀምሮ የከብት መግቢያውን ዘጋች። በደህናው ጊዜ ከዚያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥጃ ይገባ ነበር፤ ብዙው ደግሞ የሚደልበው ቴክሳስ ነው።

ይህን ለወንድማችን ስነግረው ሳቅ አለ። ቡናውን ጨርሶ ወደ መኪናው እየሄደ ነበር። «ይሄንንስ እኔ ልንገርህ» አለኝ። «ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ቴሬሳ ድንበር ላይ ስጭን ነበር። ከሜይ ወዲህ አንድም ጥጃ አልጫንኩም። አሁን ሚዙሪ ሐራጅ ድረስ ነው የምሄደው።»