ከቢሮ ጫጫታ እንዴት እንደተገላገልኩ

ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሥራው ፋታ አይሰጥም። ከጀርባዬ የሚቀመጡት ጋሼ ደግሞ ስልክ የሚያወሩት ስፒከር ላይ አድርገው ነው። አንዱን ድምር ሳልጨርስ ወሬው ይዞኝ ይሄዳል።

መጀመሪያ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ዋጥ አደረገው። ንግግር ግን አሁንም ይሰማል። ይህ መሣሪያ በደንብ የሚያጠፋው ወጥና ዝቅ ያለ ድምፅን ነው፤ ንግግር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ያመልጠዋል። የዝናብ ድምፅ ስጨምርበት ነው ቃላቱ የተደበላለቁልኝ። ዘፈን አልመክርም፤ በተለይ የአማርኛ ከሆነ ግጥሙ ራሱ ሐሳብ ይሰርቃል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ቡና ስንጠጣ ነው። ሰው ሳይሰማ፣ "ጋሼ፣ ሂሳብ ስዘጋ ድምፁ እየበተነኝ ተቸገርኩ፤ ስፒከሩን ቢተዉልኝ" አልኳቸው።

"ውይ! ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?" አሉኝ። ለካ አንድ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። በጣም አዘንኩላቸው። አሁን ረጅም ስልክ ሲመጣ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። እኔም ሲደወልላቸው ካልሰሙ እነግራቸዋለሁ።