ድርጅቶች የሚሰጡትን የጤና ትምህርት ሕዝቡ እንዲረዳው እንዴት ማድረግ ይችላሉ?

በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ቀበሌዎች የጤና ትምህርት በሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ስለ ወባ መድኃኒት አወሳሰድ የሚታደለውን በራሪ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ኮአርተም ስለሚባለው የወባ መድኃኒት «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ይስጡ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እናት የመጀመሪያውን ለታመመው ልጃቸው እኩለ ቀን ላይ ሰጡ፤ ሌላው ተማሪ ልጃቸው ጽሑፉን ካነበበላቸው በኋላም ሁለተኛውን በ8 ሰዓት ተኩል ደገሙለት። መስጠት የነበረባቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ልጁ ደኅና ቢሆንም ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተነበበላቸው ቃል የቀኑን 8 ሰዓትም ያመለክታል፤ ስህተቱ የጸሐፊው እንጂ የእናትየዋ አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ፣ ከኅትመት በፊት ረቂቁን ይዞ ወደ ጤና ኬላ መሄድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረው መርሐ ግብር ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ የኖሩ በመሆናቸው፣ ሕዝቡ በሽታውን በምን ስም እንደሚጠራውና ከምን እንደመጣ እንደሚያምን ያውቃሉ። «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ቃል በትልቁ አትሞ ከመለጠፍ ይልቅ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት መሆኑን፣ እርግማን እንዳልሆነና ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ እንደሚረዳ መናገር ይበልጣል።

ቀጥሎ መጠኑን ሁሉ ሰው ቤት ባለው ዕቃ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ፣ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ነገር ግን በቤቱ ያለው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ፣ ሁለት ሙሉ ሃይላንድ መሆኑን ዕቃውን ይዞ ማሳየት ያሻል።

ከሁሉም የሚከብደው መልእክቱ መግባቱን ማረጋገጥ ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ እንግዳ ሲጠይቃቸው አልገባኝም ማለት በይሉኝታ ስለሚከብዳቸው ሁሉም «አዎ» ይላሉ። እንደ ፈተና «ይድገሙልኝ» ማለት ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በጎረቤት ፊት ያሳፍራል።

እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የያዝኩት አጠያየቅ ሸክሙን በአስተማሪው ላይ የሚያደርግ ነው፦ «እናቴ፣ እኔ በደንብ መናገሬን ለማወቅ ብዬ ነው፤ እስኪ ማታ ለባለቤትዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» መልሱ ሲሰማ ማቋረጥ አይገባም። ሦስት ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ መለወጥ ያለበት የእኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተለውጦም እንደገና ለሌሎች ሰዎች ይቀርባል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም በሞንታርቦ እየዞሩ መለፈፍ መልስ የማይሰማበት ስለሆነ፣ ለእሱ የሚወጣውን ገንዘብ ለዚህ ባውለው እመርጣለሁ።

ቦታውን መምረጥ ቀላል ነው፦ ሰንበቴ፣ ዕድር፣ የገበያ ቀን። ካህናቱን ግን አስቀድሞ ማማከር ይገባል። 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ለጎልማሳ ታማሚ «ኮአርተምን ከወተት ጋር ይውሰዱ» ብንል፣ ወተቱን ትቶ በባዶ ሆዱ ሊወስደው ይችላል። መድኃኒቱ በሚገባ የሚሠራው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በመሆኑ፣ «የኑግ ዘይት ካለበት ሽሮ ጋር» ማለት ለጾመኛው ይስማማዋል። ታማሚ እስከ ቀትር ሳይቆይ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ የንስሐ አባቱ ሲነግሩት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው መንደር ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔ በራሪ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ታርሞ አሁን እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሰጡ ሁለተኛውን ከቀኑ 10 ሰዓት ይስጡ»፤ ከሥሩም መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ የታማሚውን ትክክለኛ ሰዓት በእጁ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ አለ።