ቀኑ ባልተቆረጠ ቅጥር መልቀቂያ ለሚያስገቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ ከአንድ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ተደውሎ ለተወዳደርኩበት ቦታ መመረጤና ሥራ የምጀምረውም ጥር 1 መሆኑ ተነገረኝ። ታኅሣሥ 1 መልቀቂያዬን አስገባሁ። ታኅሣሥ 20 ላይ ቀኑ ወደ ጥር 15 መገፋቱን ሰማሁ፤ ጥር 15 ሲደርስ የካቲት ተባለ፤ የካቲት ሲገባ ደግሞ «በጀቱ እንደተለቀቀ እንደውላለን» የሚል መልስ መጣ። ሥራውን የጀመርኩት ሚያዝያ 7 ነው። ከሦስት በሚበልጡት በእነዚያ ወራት የቤት ኪራዬን የከፈለችልኝም፣ ዕቁቤን የጣለችልኝም ታላቅ እህቴ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ በዚያው መንገድ ሲሄዱ ስላየሁ፣ እኔ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላስረዳ።

የመጀመሪያው ስህተት የስልክ ጥሪን እንደ ቅጥር መቁጠር ነው። «ተመርጠዋል» ማለት አሠሪው ፍላጎቱን ገለጸ ማለት እንጂ ውል ተፈረመ ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት አይልም፤ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ይሁን እንጂ ሥራው ሳይጀመር ነገሩ ቢበላሽና ወደ ክርክር ቢገባ፣ ውል ነበረ ብሎ የሚከራከረው ሰው ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል፤ የስልክ ንግግርን ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ቦታውና የሚጀመርበት ቀን የተጻፈበት፣ ሥልጣን ባለው ሰው የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አይጻፉ። ደብዳቤው መጥቶ እንኳ «በጀት ሲፈቀድ» ወይም «በሚገለጽልዎ ቀን» የሚል ሐረግ ካለበት፣ ቀን የለውም ማለት ነው። እኔ የደረሰኝ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ሐረግ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበረው፤ አንብቤዋለሁ፣ ግን ከደስታዬ የተነሣ ክብደት አልሰጠሁትም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የማስጠንቀቂያውን ጊዜ አዲሱ አሠሪ ከነገረን ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን 30 ቀን እንደ ሸክም ስለምናየው፣ ጥር 1 ጀምር የተባለ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ ታኅሣሥ 1 መልቀቂያውን ያስገባል። በዚያች ቅጽበት የቀኑ መገፋት የሚያመጣው ጉዳት በሙሉ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፤ አዲሱ አሠሪ አንድ ወር ቢያዘገይ የሚያጣው ነገር የለም፣ ሠራተኛው ግን የአንድ ወር ደመወዝ ያጣል። አቆጣጠሩን መገልበጥ ይቻላል። ለአዲሱ አሠሪ «አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ ስላለብኝ፣ ውሉን ከተፈራረምንበት ቀን አንስቶ ከ30 ቀን በኋላ ሥራ እጀምራለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ይህ በሕግ ላይ የቆመ፣ ጨዋነት ያለው አነጋገር ነው፤ ቦታውና ገንዘቡ በእጁ ያለ አሠሪም አይቀየምበትም። እኔ በበኩሌ 30 ቀን አልጠብቅም የሚል አሠሪን እጠራጠራለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ከእሱ ዘንድ ሲለቅ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኝ ማለቱ አይቀርምና።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ ለወራት ሲያዘገይ የቆየው አሠሪ በድንገት «ሰኞ ግባ» ሲል ያለ ማስጠንቀቂያ ብድግ ብሎ መሄድ ነው። ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች ውጭ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቅ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ ሊከፍል ይችላል፤ ካሣው ከ30 ቀን ደመወዝ ባይበልጥም የሚቀነሰው ከቀሪ ክፍያው ላይ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማግኘት ሲመለስ የሚጠብቀው ፊትም ጥሩ አይሆንም። የሥራ መሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ ስለማይተዳደሩ የራሳቸውን ውልና ሕግ መመልከት ይገባቸዋል።

ቀኑ ሲገፋ ምክንያቱን አጥብቆ አለመጠየቅም ብዙ ሰው ይጎዳል። የጤና ምርመራ ውጤት፣ የዋስ ደብዳቤ ወይም የጣት አሻራ ማስረጃ ከእርስዎ የሚጠበቅ ከሆነ መዘግየቱ በእጅዎ ነው፤ ዛሬውኑ ያሟሉ። ቦታውን የያዘው ሰው ገና አልለቀቀም ከተባለ መቼ እንደሚለቅ ይጠይቁ። መልሱ በጀት ከሆነ ግን የማን በጀት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በግንቦት «በጀት እየጠበቅን ነው» የሚል መሥሪያ ቤት ከሐምሌ በፊት መልስ ላይኖረው ይችላል። በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት ከሆነ ሥጋቱ የበለጠ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ የልማት ዕርዳታውን ለ90 ቀናት እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ፣ በአገራችን በዚያ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ፕሮጀክቶች ነባር ሠራተኞቻቸውን እንኳ ማቆየት አቅቷቸው ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገና ያልጀመረ ተቀጣሪ ማንም የሚያስታውሰው አይደለም። ያለ ግልጽ ምክንያት ቀኑ ሁለት ጊዜ ከተገፋ፣ እኔ ቅጥሩን እንዳልተፈጸመ እቆጥረዋለሁ፤ ሌላ ቦታ ማመልከቴንም አላቆምም።

አነስተኛ መስሎ የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፦ የዘመን አቆጣጠር። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሴፕቴምበር 1 ሲሉ ነሐሴ 26 ማለታቸው ነው፤ መስከረም 1 ብሎ የተረዳ ሰው አሥር ቀናት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በውሉ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች እንዲጻፉ ይጠይቁ።

ከመልቀቅ በፊት የሚቀርብንን አለማስላት ሌላው ስህተት ነው። ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የስንብት ክፍያ እንዲያገኝ አዋጁ የሚጠይቀው ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገሉንና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት መሆኑን ነው፤ አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው የአዲሱ ሥራ ቀን በሁለት ወር ቢገፋለት ሊደሰት እንጂ ሊቸኩል አይገባውም። ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰባል። ከደመወዝዎ የሚቆረጥ የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ወይም በሠራተኛነትዎ ያገኙት ብድር ካለ፣ ሲለቁ አከፋፈሉ እንዴት እንደሚሆን ውሉን አውጥተው ያንብቡ። አዲሱ ቤት ሲገቡ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ የሚችል የሙከራ ጊዜ ስለሚጠብቅዎ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊሰናበቱ እንደሚችሉም ያስቡበት።

መልቀቂያውን ሲያስገቡ ደብዳቤው ምክንያቱንና ሥራ የሚያቆሙበትን ቀን ይግለጽ፤ አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ወስደው ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት። ሥራዎን ካቆሙበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ቀሪ ክፍያዎ ሊሰጥዎ ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነው፤ ከአፍረት የተነሣ ዝም ማለት። ታኅሣሥ 20 ቀኑ መገፋቱን ስሰማ፣ ከማስጠንቀቂያ ጊዜዬ ገና አሥር ቀን ቀርቶኝ ነበር። የሚገባኝ በዚያው ዕለት ወደ ኃላፊዬ ሄጄ፣ የምለቅበት ቀን እንዲራዘምልኝ ወይም መልቀቂያዬ እንዲነሣልኝ በጽሑፍ መጠየቅ ነበር። አሠሪው እሺ የማለት ግዴታ ባይኖርበትም፣ ተተኪ እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማቆየት ለእሱም ይጠቅመዋል። እኔ ግን የስንብት ሻይ ተጠጥቶልኝ፣ የክሊራንስ ቅጼን ይዤ ከክፍል ወደ ክፍል ስምንት ፊርማ እየለቀምኩ ስለነበር «ቀኑ ተገፋ» ማለት ሞት መሰለኝ። ታኅሣሥ 30 የፋይል ሣጥኑን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ልወስድ ስሄድ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሴት አስቀምጠውኝ ስለ አዲሱ ሥራ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ፣ «ወንበርህ እኮ እስከ የካቲት መጨረሻ ባዶ ነበር» አሉኝ፤ «አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»