እያጠጡት የሚጠወልግ ሂቢስከስ፦ ችግርና መፍትሄ

በአዲስ አበባ በየግቢውና በየበረንዳው ሂቢስከስ የተባለው የአበባ ተክል ታመመብን ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ «በየቀኑ እያጠጣሁት ይጠወልጋል» ይሉኛል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ እምቡጡ ሳይፈካ ይረግፋል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ እንደተጠማ ተክል ይንጠለጠላል። መንስኤው ግን ጥማት ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው። ውኃ የቋጠረ አፈር አየር ስለማይኖረው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውኃ መካከል ቆሞ ይደርቃል። ባለቤቱ መጠውለጉን አይቶ በጨመረ ቁጥር ሞቱን ያፋጥነዋል።

አምና በክረምት ያየሁት አንድ ሂቢስከስ ከወገብ በላይ የደረሰ፣ በሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ፖት የተተከለ ነበር። ፖቱን ጋደል ሳደርገው እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ውኃ ፈሰሰ። አንዱን ሥር በሁለት ጣቶቼ ይዤ ስስበው ልጡ እንደ እጅጌ ተገፎ ወጣና እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ብቻ ቀረ። ፖቱ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ችግኙም ከመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ሳይወልቅ ነበር የተተከለው። ቀዳዳ የሌለውን ዕቃ የአበባ ፖት ብሎ መሸጥ ሊቆም የሚገባው ነገር ነው፤ በዚህ ምክንያት የሞቱትን ተክሎች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም።

እንዲህ የሆነውን ተክል ዛሬውኑ ከፖቱ ያውጡት። ጥቁርና ልስልስ የሆነውን ሥር በንጹሕ መቀስ ነጩ እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ፤ የቀረው ሥር ሁሉንም ቅርንጫፍ ሊመግብ ስለማይችል ከላይም ሲሶውን ይግረዙ። ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም ሻካራ አሸዋ ቀላቅለው ቀዳዳ ባለው ፖት እንደገና ይትከሉት። ጠጠር ከሥር መደርደር የቀዳዳን ቦታ አይተካም፤ ቀይ አሹ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰደው አፈሩ ደረቅ ሆኖ ካላገኙት አያጠጡ። አዲስ ቀንበጥ ከማውጣቱ በፊት ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ እንዳይጨምሩ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ የቆሰለ ሥርን ያቃጥላል። ያልተብላላ ፍግም እንዲሁ ነው።

በዋልካ አፈር ላይ በመሬት የተተከለውም በክረምት ይኸው ችግር ስለሚገጥመው፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ዙሪያውን ቦይ ያውጡለት፤ አዲስ የሚተክሉ ከሆነ ደግሞ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉት።

ቢጫ የሆነው የላይኛው አዲስ ቅጠል ከሆነና ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ፣ ነገሩ ከውኃ ይልቅ የብረት ማዕድን እጥረትን ያመለክታል። በአዲስ አጥር ሥር በተተከሉት ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ግንበኞች የቀበሩት የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ ለጊዜው ቢረዳም፣ ፍርስራሹ ተቆፍሮ ወጥቶ በኮምፖስት የዳበረ አፈር ካልተተካ ቢጫነቱ ይመለሳል።

ሂቢስከስ ከጥጥና ከባሚያ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ፣ ሙቀት የሚወድ ተክል ስለሆነ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሳምንታት እምቡጥ ቢያረግፍ አይደንግጡ፤ ፖቱን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ውኃውን ይቀንሱለት።

በቀንበጡ ላይ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ካዩ፣ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ፀሐይ ከበረደ በኋላ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይጠቀሙ። የፈካ አበባ በማግሥቱ መርገፉ ግን የአብዛኞቹ ዝርያዎች ተፈጥሮ ስለሆነ መድኃኒት አይፈለግለትም።